ባለ ሁለት ቁልፍ የዶሮ ቤት

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር የዶሮን የውስጥ አካል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩ አላውቅም። ጉሮሮዋን በነጭ ጠመኔ፣ አንጀቷን በቢጫ፣ እንቁላሉ የሚያልፍበትን ቱቦ በቀይ። ተማሪዎቼ ሥዕሌን ያደንቁልኝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን በሕይወት ያለች ዶሮ በእጄ ይዤ አላውቅም። በዓል ሲመጣ የሚገዛውም የሚያርደውም ሌላ ሰው ነበር፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው ድስቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ታቅፋ ከታክሲ ወረደች። ካርቶኑ ውስጥ አምስት ቀያይ ቄቦች ተጨናንቀው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ሥራ» አለችኝ። «ከነገ ጀምሮ ትገባለህ።»

የእሷ ጡረታ ገና ነው። ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ በፒጃማ ቆሜ እሸኛታለሁ፤ ማታ ስትመለስ «ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለኛለች፤ እኔ ያው በፒጃማዬ ነኝ። ይህ ሁኔታ እሷን ከእኔ የበለጠ ሳያስጨንቃት አልቀረም። ዶሮዎቹን የገዛችው ለእንቁላሉ እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። ለእኔ የገዛችልኝ መድኃኒት ነበሩ።

ቤታችን ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ነው። ከጀርባው ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ ኳስ የሚጫወቱበት ጓሮ አለ፤ ልጆቹ አግብተው ከወጡ ወዲህ የተሰበረ ወንበርና ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከምሮበት ነበር። እሱን አጸዳሁና በማግስቱ አዲስ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የመኖ ዝግጅት» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። በቆሎ ክክ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጨው በቁንጥጫ። ለእያንዳንዱ መጠን አወጣሁለት። ባለቤቴ ኬክ የምትመዝንበትን ሚዛን ወደ ጓሮ አወጣሁትና በርጩማ ላይ ተቀምጬ መመዘን ጀመርኩ።

ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሰባውን ያለፉ ባልቴት ናቸው። እኛ ሁላችን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን እዚህ ቤት ሳንሠራ በፊት አካባቢው የእሳቸው ቤተሰብ እርሻ ነበር። ከዚያ ሁሉ መሬት ዛሬ የቀራቸው አንድ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት ላሞች፣ የጎመን መደብ፣ አንድ የጭድ ክምርና ራሳቸውም የማይቆጥሯቸው ዶሮዎች ናቸው። ወተት ይሸጣሉ፤ ሁለት ሦስት ክፍል ያከራያሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው «መምህር» ይሉኛል፤ ግን አንድ ቀንም አንቱ ብለውኝ አያውቁም።

በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያዩኝ ቆይተው ኖሮ፣ «መምህር፣ መድኃኒት ነው የምትቀምመው?» አሉኝ።

«መኖ ነው እማማ። ገንቢ ምግብና ኃይል ሰጪ ምግብ እያመጣጠንኩ ነው።»

«ያ ዋቀዮ!» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። «እዚህ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ቦታ እኮ አውድማችን ነበር። ጤፍ ስንወቃ ዶሮው ሁሉ እዚህ ነው የሚውል። አንድ ቀን መኖ ተገዝቶለት አያውቅም።»

ይህን ብለው ገቡና አንድ እፍኝ ጥራጊ አምጥተው በአጥሩ ላይ ወረወሩልኝ። እንክርዳድ፣ ገለባ፣ አፈር፣ ትንሽ ገብስ። አምስቱም ቄቦቼ በሚዛን የተመዘነላቸውን ሳህን ጥለው ወደ ጥራጊው ሮጡ። እኔም በደብተሬ ላይ «ባህሪያቸው ገና አልተረጋጋም» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት እማማ አንዲት ገብስማ ቄብ በክንፏ ይዘው በበሩ መጡ። የሐበሻ ዶሮ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም እግር፣ የምትጠራጠር ዓይን።

«ያንተዎቹ የከተማ ልጆች ናቸው» አሉኝ። «ይህችን ከእነሱ ጋር ልቀቃት። መንገድ ታሳያቸው።»

ስጦታ አይመለስምና ተቀበልኩ። በልቤ ግን ናቅኋት። የሐበሻ ዶሮ ምርታማ አይደለችም ብዬ ስንቱን ትውልድ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ገብስማዋም ብትሆን አላከበረችኝም። ሌሎቹ ሳህን ይዤ ስመጣ እግሬ ሥር ሲተራመሱ እሷ ራቅ ብላ ቆማ ታየኛለች፤ ጀርባዬን ስሰጣት ብቻ መጥታ ትለቅማለች።

የመጀመሪያው መከራ የመጣው በጥቅምት፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ደስ በምትልበት ሰዓት ነው። ከአጥራችን በስተግራ ጅምር ፎቅ አለ። በባህር ዛፍ መወጣጫው ጫፍ ላይ ጭልፊት ሲያርፍ አይ ነበር፤ አካባቢውን የሚያሳምር ወፍ ነው እያልኩ እንዲያውም እወደው ነበር። የዚያን ቀን በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አውጥቼ «ዶሮን ከጠላት እንዴት እንጠብቃለን?» የሚል ጽሑፍ አነባለሁ። በአናቴ ላይ ነፋስ የመሰለ ነገር አለፈ። ቀና ስል አንዷ ቀይ ቄብ ከመሬት ስድስት ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ገብስማዋ ቀድማ ከተሰበረው ወንበር ሥር ገብታለች። እማማ በማዶ «ሁሽ! ሁሽ! ጭልፊት!» እያሉ ቆርቆሮ ይደበድባሉ። እኔ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አውራ ዶሮ ያስፈልግሃል» አሉኝ እማማ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ።

«እንቁላል ለመጣል እኮ አውራ ዶሮ አያስፈልግም እማማ። ሳይንሱ...»

«ለእንቁላሉ ነው ማን አለህ? ለዓይኑ ነው። ሴቶቹ ሲበሉ እሱ ሰማይ ያያል።»

የተማረ ሰው በቀላል መፍትሔ አይረካም። ጭልፊት በሚያብረቀርቅ ነገር ይደነግጣል የሚል አንብቤ ስለነበር ከሳሎን መሳቢያ አሮጌ ሲዲዎች አውጥቼ በሲባጎ እያሰርኩ በጓሮው ላይ ሰቀልኳቸው። ነፋስ ሲነካቸው ሲሽከረከሩ በእውነት ያምሩ ነበር። ማታ ባለቤቴ መጥታ ቀና ብላ አየች። ከዚያ አንዱን በጣቷ አስቁማ አነበበችው።

«ይሄ የልጃችን ሠርግ ነው» አለች።

«ሌላ ቅጂ አለን ብዬ ነው።»

«ያ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ይሄ መልሱ ነው።»

መልሱን አወረድነው። የፀሐዩና የአቧራው ነገር ሆኖ ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ጭልፊቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው መወጣጫ ላይ አረፈና ሲዲዎቹን በጸጥታ ሲመለከት ዋለ።

ስለዚህ ቤት ልሥራ አልኩ። አንድ ግንበኛ ጠራሁ፤ በጅምሩ ፎቅ ላይ የሚሠራ፣ እጁ የጸዳ ሰው ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ውስጡ ቆጥ በሁለት ደረጃ፣ የመጣያ ሳጥን፣ ጥግ ላይ የጭድ ጆንያ ማስቀመጫ። ግንበኛው ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየውና «ጋሼ፣ መብራት ብቻ ነው የጎደለው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ ደላላ በር አንኳኩቶ «ሰርቪሱ ይከራያል? ሁለት እህትማማቾች ናቸው፣ ጸጥተኞች» አለኝ። የዶሮ ቤት መሆኑን ስነግረው አላመነኝም፤ አስገብቼ አሳየሁት። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «እነሱ መቼ ነው የሚለቁት?» ብሎኝ ሄደ።

የካቲት ላይ ቀያዮቹ እንቁላል መጣል ጀመሩ። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ ቀኑን እጽፍበት ነበር። ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር፤ ችግሩ ሑዳዴ ገባ። እኛ ጾመኞች፣ ዶሮዎቹ ግን ጾም አያውቁም። በየቀኑ ሦስት አራት እንቁላል ይጥላሉ፤ ፍሪጁ ሞላ። ገብስማዋም በመጨረሻ ጀመረች። የእሷ ትንሽ ነጣ ያለ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲቀመጥ የእንግዳ ልጅ ይመስላል። ሦስት ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ጣለች። ከዚያ በኋላ የእሷ እንቁላል ጠፋ። የቀያዮቹ እንቁላል በቦታው አለ፤ የሚጠፋው የእሷ ብቻ ነው።

አይጥ ቢሆን ትልቁንም ይወስዳል። እባብ ቢሆን በሲሚንቶው አይገባም። እንግዲህ ትልልቁን ትቶ ትንንሹን ብቻ የሚወስድ ትሑት ሌባ አለ ማለት ነው። ይህን አስቂኝ ነገር በቁም ነገር አሰብኩበት። ሰው ሲወስድ እንዳይታወቅበት ትንሹን ይመርጣል ብዬም ደመደምኩ። ከዚያ የጅምሩን ፎቅ ዘበኛ አየሁት።

ዘበኛው አርባውን ያለፈ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከጎጃም መጥቶ በላስቲክ በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ጠዋት በእኔ አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር እያነሳ ኪሱ ሲጨምር ሁለት ቀን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ሰላም አልኩት።

«ዶሮዎቼ አያስቸግሩህም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ያስቸግሩኛል። ጫጫታቸው እንዲያውም አገሬን ያስታውሰኛል።»

«አጥር አልፎ የወደቀ እንቁላል አግኝተህ ታውቃለህ?»

«እንቁላል አጥር ይዘላል እንዴ ጋሼ?»

«አይ... ምናልባት ካገኘህ፣ ብትበላውም ችግር የለውም ለማለት ነው።»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቁጣ አልነበረም። እጁን ኪሱ ከተተና መዳፉን ዘረጋልኝ። ሦስት የተጣመሙ ምስማሮች ነበሩ። ሠራተኞቹ የሚጥሉትን እየለቀመ በድንጋይ አቃንቶ ጎጆውን ይጠግንበታል።

«ጋሼ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ሑዳዴ እኮ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።»

«እሱስ ልክ ነህ» ብዬ ገባሁ። ማታ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተማሪ ሲኮርጅ በዓይን ጥቅሻ የማውቅ ሰው፣ የሚጾምን ሰው በእንቁላል ጠረጠርኩ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ገብስማዋ ራሷ ጠፋች። ሲመሽ ቀያዮቹ ወደ ቆጣቸው ወጡ፤ እሷ የለችም። ጓሮውን፣ የወንበሮቹን ሥር፣ የጣሪያውን ጫፍ ፈለግሁ። እንቃታለሁ እንጂ እወዳታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እራት አልበላም ስል ባለቤቴ ገረማት። ዘበኛው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሸለምጥማጥ ይሆናል ጋሼ፣ በእንጨቱ ክምር አካባቢ አይቼዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለእኔ መረጃ መስጠቱ ራሱ አሳፈረኝ።

ሸለምጥማጥ ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አውቃለሁ። ነጠብጣብ ገላ፣ ቀለበት ቀለበት ያለበት ረጅም ጅራት፣ ራሱን ያስገባበት ቀዳዳ ሁሉ መላ ሰውነቱን ያሳልፋል። በማግስቱ ሽቦውን ሁሉ በእጄ እየዳሰስኩ ፈተሽኩ። ጣቴ የምትገባበትን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈንኩ። በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመርኩ። ባለቤቴ ስታየኝ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለች።

«ጅቡ ተመልሶ ይመጣል» አልኳት። ሳላውቅ ትንቢት ተናገርኩ።

በሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱን አጠብኩት። ወለሉን በበረኪና ፈትጌ፣ እንዲደርቅ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ከጎፋ ያስመጣሁትን ሁለት ጆንያ ጭድ ጥግ አስቀመጥኩ። አራቱ ቀያዮች ደጅ ይጫጫራሉ። እኔ ለተማሪዎች መጽሐፍ እንደሚያስረዳ ሰው ደረቴን ነፍቼ፣ ንጹሕ ቤቴን እያየሁ ቁጭ አልኩ። አንድ ጊዜ ስልክ ተደወለልኝና ገብቼ ጥቂት ቆየሁ። ሲመሽ ዶሮዎቹ ራሳቸው ገቡ፤ ቆጥ ላይ ወጡ፤ አራት ብዬ ቆጠርኩ፤ አንዱን ቆለፍኩ፤ ሁለተኛውን ቆለፍኩ፤ ሁለቱንም ጎትቼ ሞከርኳቸው።

ተኝተን ሳለ ባለቤቴ ነቃ ብላ «ዶሮዎቹ የሚንጫጩ መሰለኝ» አለችኝ።

«ቁልፉ ሁለት ነው፤ ተኚ» አልኳት።

ይህችን ቃል ዛሬም ድረስ ታስታውሰኛለች። እኔም አልረሳኋትም።

ጠዋት ሁለቱን ቁልፍ ከፍቼ በሩን ስስበው መጀመሪያ ያየሁት ላባ ነው። ወለሉ ቀይ ላባ ለብሷል። አራቱም እዚህና እዚያ ወድቀዋል፤ አንዷ ብቻ ናት የተበላችው፣ ሦስቱ እንዲሁ ተነክሰው ነው የሞቱት። ቀና ስል በላይኛው ቆጥ ላይ፣ ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ቦታ፣ ሸለምጥማጡ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቅዳሜ በሩ ተከፍቶ ሳለ ገብቶ ጭዱ ውስጥ ተሸሽጓል። እኔ መጥቼ ቆለፍኩበት። ሥራውን ሲጨርስ መውጫ ፈልጎ አጥቷል፤ ሽቦው ላይ ጥፍሩ ያለፈበት ይታያል፤ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ እንኳ አላስቀረሁለትም። እንደ እስረኛ ሲያድር አድሮ አሁን በሩ ተከፈተለት። ከቆጡ ወርዶ፣ ሳይሮጥ፣ በእግሮቼ መሃል አልፎ ወጣ። በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ጅምሩ ፎቅ ተሻገረ።

ዘበኛው ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ኖሮ እንስሳው በአጠገቡ ሲያልፍ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሌባውን አገኙት ጋሼ?» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይነካኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አጥሩ ድረስ ሄጄ «ያን ዕለት ስለተናገርኩህ ነገር ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ላባ እጄ ላይ ተጣብቋል።

«ይተዉት ጋሼ» አለኝ። «እሱም ቢሆን ሑዳዴ መሆኑን አያውቅ፣ ምን ያድርግ።» እንዲህ ብሎኝ ሄደ፤ ከቅዳሴ መልስ አካፋውን ይዞ መጣና ጉድጓዱን አብሮኝ ቆፈረ።

ዶሮዎቹን ቀብረን እጃችንን ስንታጠብ የእማማ ድምፅ ከማዶ መጣ።

«መምህር፣ ና እስኪ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ዞሬ በበራቸው ገባሁ። ግቢያቸው ውስጥ ዶሮው እንደልቡ ነው፤ አንድ ነጭ አውራ ዶሮ በክምሩ ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል። እማማ በጭዱ ክምር ጀርባ ወሰዱኝና ጎንበስ ብለው ጭዱን በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉ። ገብስማዋ ተቀምጣለች። ጠፍጣፋ ሆና፣ ላባዋን ነፍታ፣ ያንኑ የምትጠራጠር ዓይኗን ጣለችብኝ።

«አሥራ ስድስት ቀኗ ነው» አሉኝ። «አሥራ አንድ ታቅፋለች።»

ያ ትሑት ሌባ ራሷ ነበረች። በየቀኑ በአጥሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ሾልካ እዚህ ትጥል ኖሯል። እኔ ቆጥ ሠርቼ፣ ሳጥን አንጥፌ ስጠብቃት እሷ የጭድ ክምር መርጣለች።

መናደዴን አልደብቅም። «እማማ፣ አውቀው ነው ዝም ያሉኝ? እኔ እኮ እራት ሳልበላ አድሬያለሁ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ወደ ቤት አስገባት ነበር።»

እማማ ወደ እኔ ግቢ፣ ወደ አዲሱ ቆርቆሮ ጣሪያ አየት አደረጉና ጭዱን መልሰው ከደኑላት። ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ አልሳቀችብኝም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብትለኝም በቀስታ ነው ያለችው። ከዚያ ፊቴን አይታ «ቢያንስ አንዷ ተረፈች» አለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ሳይነጋጋ ተነሥቼ በእማማ በር ላይ ቆምኩ። የእንቁላሉን ውስጥ ቀን በቀን እየከፋፈልኩ ያስተማርኩ ነኝ፤ በስንተኛው ቀን ልብ እንደሚመታ፣ በስንተኛው ላባ እንደሚያበቅል። ከክምሩ ሥር ያችን ቀጭን ድምፅ ስሰማ ግን ያ ሁሉ ትምህርት ከአእምሮዬ ጠፋ። ዘጠኝ ተፈለፈሉ፤ ሁለቱ እንቁላል ሳይፈለፈሉ ቀሩ። አንዷ ጫጩት ገና ላባዋ ሳይደርቅ በእናቷ ክንፍ ሥር ብቅ ብላ አየችኝ። እማማ ዘወር ብለው ወደ ላሟ ሄዱ። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይተው ይመስለኛል።

ፋሲካ በሦስተኛው ቀን ነበር። ለበዓሉ ዶሮ መግዛት የግድ ሆነብኝና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ለቡ ገበያ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ዶሮ ታቅፌ ስመለስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ትጠብቀኝ ነበር።

«ጓሮህ ውስጥ ለዶሮ ቪላ ሠርተህ ዶሮ ፍለጋ ታክሲ ትሳፈራለህ» አለችኝ።

በዚያ ፋሲካ ማታ ዘበኛውን ጠርተን አብረን ፈሰክን። በእርሳስ ቀን የተጻፈባቸው እንቁላሎች ተቀቅለው ሲቀርቡለት አንዱን አገላብጦ «መጋቢት አራት» ብሎ አነበበ። «ያን ዕለት ነው የተጣላነው ማለት ነው?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ትንሽ ዘግይቼ ነው የሳቅሁት።

ከበዓሉ በኋላ የእማማ ልጅ ሰበታ ወልዳ ነበርና ሊያርሷት ሄዱ። ተከራዮቹ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። «ጫጩቶቹን አንተ እያቸው» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት እየሄድኩ በክምሩ አጠገብ ዋልኩ። ደብተር አልያዝኩም። ጭልፊት ሲዞር መጮህ ተለማመድኩ፤ መጀመሪያ ሰው ይሰማኛል ብዬ አፍሬ ነበር፣ ኋላ ላይ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ድምፄን ለዩት። ያም ሆኖ አንድ ጫጩት በጭልፊት ተወሰደብኝ። አንዱ ላሟ የምትጠጣበት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሞተ። አንዱ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት አንድ ጠዋት ተኝቶ አልተነሣም። ስድስት ቀሩ። የሦስቱን አሟሟት በየቀኑ እያሰላሰልኩ፣ ለእማማ እንዴት እንደምነግራቸው ቃል ስመርጥ ሰነበትኩ።

እማማ ሲመለሱ ከበሩ ጀምሬ ተቀበልኳቸው። «እማማ፣ ሦስት ጠፍተውብኛል» አልኳቸው ገና ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ። «አንዱን ጭልፊት፣ አንዱን ገንዳው፣ ሌላውን ግን በእውነት...»

አላስጨረሱኝም። ጫጩቶቹን ሳያዩ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከስተሃል» አሉኝ። «ምሳህን ስትበላ ነበር?»

ልክ ነበሩ፤ ምሳ ሰዓት ጭልፊት የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ከዚያ ተነሥቼ አላውቅም። በክንዴ ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝና አንድ ትልቅ ብርጭቆ እርጎ አቀረቡልኝ፤ እስክጨርስ ድረስም ከፊቴ አልተነሡም።